በበሩ ላይ ሰባት ቀይ ልቦች

አሶሳ፣ የካቲት 7 ቀን 1987። ባለቤቴ አልማዝ ከሆሞሻ ወረዳ አልተመለሰችም።

በጤና ቢሮው መኪና ለክትባት ስትሄድ ሰባት ቀን ብላ ነበር። እህቷ ከአዲስ አበባ የላከችልን መጽሔት ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የፍቅረኞች ቀን ጨዋታ አለ፤ ከቀይ ወረቀት ልብ መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ መቁጠር። ልጃችን ሳምሪ አራት ዓመቷ ነው። ቁጥር ትማርበት ብዬ ሰባት ልብ ቆረጥን። በየጠዋቱ አንዱን በዱቄት ሙጫ በሩ ላይ ለጠፍን። «የመጨረሻው ሲለጠፍ እማዬ ትመጣለች» ብያት ነበር። ምን አስባለኝ?

ሰባተኛውን ትናንት ለጠፍን። ዛሬ ቁርስ እምቢ አለች። ልቦቹን በጣቷ እየነካች ደጋግማ ትቆጥራለች።

«አባዬ፣ ተሳስቼ ነው?»

ጎረቤታችን እማማ ሐዋ በሩን አይተው ሳቁ።

«የሚስትህ ጉዞ ረመዳን ነው እንዴ፣ ቀን ቆጥረህ የምትጨርሰው? እኛ የመንገደኛ ቀን አንቆጥርም። ቁጥር መንገድ ያረዝማል።»

ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ከሆሞሻ ወዲያ ባለው መንገድ ሽፍታ መኪና ያስቆማል ተብሎ ሰሞኑን የሚወራውን እሳቸውም ሰምተዋል።

ሳምሪ ስምንተኛ ልብ ካልተቆረጠ ብላ አለቀሰች። ቀይ ወረቀት ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጥቅሉን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ስንት ሉክ ልስጥዎት?»

አንድ ልል አፌን ከፈትኩ። ሁለትም ልል ነበር፤ ስንት ቀን እንደቀራት ግን አላውቅም። ወረቀቱን እንደተዘረጋ ትቼ ወጣሁና ወደ ጤና ቢሮው አቀናሁ።