ስድስት ሳምንት ክሬን ላይ ለተንጠለጠለ ጀግና ማኅተም ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሕትመት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከነመላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎና ወንበርዎም ለአንድ ቀን እንኳ ሳይለያዩ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ባለካባው ነው።

ባለካባውን መቼም ያውቁታል። ከልብስ ስፌት ሥራው ሲወጣ ጭምብል አጥልቆ በጣሪያ ላይ የሚበር፣ እኔ ታሪኩን የምጽፍለት፣ ታናሽ እህቴ የምትስለው፣ ዓርብ ዓርብ የሚወጣው የሥዕል መጽሔታችን ጀግና ነው። አርባ አንደኛው ዕትም ሲያልቅ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ፣ በሦስት ጣቱ ክሬን ላይ ተንጠልጥሎ ተውነው። ለአንድ ሳምንት ብለን ነበር። አርባ ሁለተኛው ዕትም ማኅተም ፍለጋ እርስዎ ዘንድ ከገባ ግን እነሆ ስድስት ሳምንቱ። እስኪ እርስዎ በሦስት ጣት ይሞክሩት!

ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ፦

፩. ክፍልዎ «ጭምብል ያጠለቀው ግለሰብ ማንነቱ ስለማይታወቅ የታደሰ መታወቂያው ኮፒ ይያያዝ» ብሎ ስለጻፈልን እናመሰግናለን። እህቴ የዋህ ናትና ቁጭ ብላ መታወቂያ ሣለችለት። ሥራ፦ ልብስ ሰፊ። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ፣ ጊዜ የለውም። ክፍልዎም አገላብጦ መርምሮ «ፎቶግራፉ ሁለቱን ጆሮዎች አያሳይም» ሲል መለሰው። ጭምብሉን እንዳናወልቅ ሰፈርተኛው ልብስ ሰፊውን ለይቶት ታሪካችን ያልቃል። እህቴ ጆሮዎቹን ከጭምብሉ ውጭ አውጥታ ሣለቻቸው፤ ጀግናችን ጥንቸል መሰለ፣ ማኅተሙ ግን አልመጣም።

፪. ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእርስዎ ክፍል እንቁላሉንም ወረፋ አስይዞታል። ሳምንታዊ ማለት በየሳምንቱ ማለት ነው፣ ክቡርነትዎ። እህቴ በስድስት ቀን ሃያ አራት ገጽ ስትስል የእጅ አንጓዋ አብጦ በፋሻ ታስሯል። ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ ካሉ፣ ዓርብ ጠዋት የሰፈራችን ፀጉር ቤት ብቅ ማለት ነበረብዎ። ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው መቀሱን በእጁ ገፍቶ መጽሔታችንን ሲያነብ፣ ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት እንጂ፣ ለብቻዎ ሊበሉት ነው?» ሲል ይሰሙ ነበር። አሁን እዚያ በር ላይ ሳልፍ «ደህና አደርሽ» የሚለኝ የለም፤ ሰላምታው «ወደቀ እንዴ?» ሆኗል።

፫. ማተሚያ ቤቱ እስከዚህ ሐሙስ ካልመጣን ተራችንን ለቀን መቁጠሪያ አሳታሚዎች እንደሚሰጥ ነግሮናል። ተራው ከሄደ መጽሔቱ አበቃለት። ስንቱን ወንበዴ ያንበረከከ ጀግና የአንድ ጠረጴዛ መሳቢያ ያቸንፈው? ለድልዎ ቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎ እላለሁ።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእጅዎ ደግሞ ትንሽ እንቅስቃሴ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የማከብርዎና የማልረሳዎ
የባለካባው ታሪክ ጸሐፊ፣ የተንጠልጣዩ የቅርብ ዘመድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከቢሮዎ ስልክ ሲደወል ማኅተሙ ተመታ ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ባለቤቴ ነዝንዛ ገደለችኝ፤ ወደቀ ወይስ ተረፈ? በመካከላችን ይቅር፤ ንገሪኝ» አሉኝ። መልሱ የአርባ ሁለተኛው ዕትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው፤ ዕትሙም መሳቢያዎ ውስጥ፣ ከማኅተሙ ጎን ተኝቷል። ለባለቤትዎ ግን እንዳያሳዩአት፤ ፈቃድ የለውም።