የአራተኛው ጉድጓድ ቁጥር

ሰኞ

ኮምፒውተሩ አራተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ «የለም» አለኝ። ደስ አለኝ። በእርግጥም የለም፤ ያ የዋጃ መንገድ ጉድጓድ ካቻምና ክረምት ጎርፍ አሸዋ ሞልቶት ቀርቷል።

በየጉድጓዱ ካለው ሴንሰር የውኃውን ልክ እየሰበሰበ ተራ የሚያወጣውን የመስኖ ፕሮግራም የጻፉት ባለሙያ በሕይወት የሉም። የጻፉበት የኮምፒውተር ቋንቋ ለየት ያለ ነው፤ የቁጥር ረድፍ ሙሉውን በአንድ ምልክት ያዛል፣ ገጹን ሲያዩት የጠንቋይ ጽሕፈት ይመስላል። አሮጌው ኮምፒውተር ተበላሽቶ አዲስ ሰጡኝ፤ አዲሱ ደግሞ የዚያኑ ቋንቋ ሌላ ዘዬ ነው የሚያነበው። ቢሆንም ዛሬ ሠራ። ሁለተኛው ጉድጓድ፣ የእትዬ ከድጃ፣ ሙሉ ነው ይላል። እትዬ ከድጃ አከራዬ ናቸው፤ የሽንኩርት ችግኛቸውን ገና መትከላቸው ነው። ዓርብ የውኃ ተራ ሲወጣ ሙሉ የሆነው ጉድጓድ ሞተሩ ይነሳል፣ የጎደለው ያርፋል። ስነግራቸው «አላህ እጅሽን ይባርከው» አሉኝ።

ማክሰኞ

አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። አሮጌው ዘዬ ረድፉን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፣ አዲሱ ከዜሮ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሴቲንግ አለ፦ እንደ አሮጌው አንብብ የሚል። አልነካሁትም ነበር። እና ትናንት ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የተሰጠው የሚቀጥለው ጉድጓድ የውኃ ልክ ነው። አራተኛው «የለም» ያለው ስለተደፈነ አይደለም፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ስለሌለ ነው።

ሴቲንጉን አበራሁት። የእትዬ ከድጃ ጎደለ።

የተደፈነው አራተኛው ግን ቁጥር አወጣ። ውኃ አለው፣ እየጨመረም ነው።

አለቃዬ ጋሽ ሞላ ሳቁ። ኮምፒውተሯን ጠበል አስጠምቂያት፣ የትናንቱ ምን ነበረው፣ አሉ።

ረቡዕ

ሜትር በገመድ አስረን አውርደን ለካን። መጀመሪያ አንደኛውን፣ የዋርካውን፣ ቀጥሎ የእትዬ ከድጃን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ የመስጊዱን። ሦስቱም ሴቲንጉ ሲበራ ከወጣው ጋር ገጠሙ። እና አራተኛው ብቻ ለምን ይዋሻል?

የዚያን ጉድጓድ ሴንሰር ማን አወጣው ብዬ ጋሽ ሞላን ጠየቅኩ። ማንም አላወጣውም፤ ከአሸዋው ጋር ተቀብሯል፣ ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል ብለን ትተነዋል፣ አሉ። አሁን አልሳቁም።

የሚያስጨንቁኝ፦
ሽንኩርቱ። ያለ ውኃ ከዚህ ሳምንት አያልፍም።
በጎደለ ጉድጓድ ላይ ሞተር ቢነሳ ሞተሩ ይቃጠላል።
ሴቲንጉን ባጠፋው የእትዬ ከድጃ እንደገና ሙሉ ይላል፤ ከጋሽ ሞላ በቀር የሚያውቅ የለም። እሳቸውም «እንዳየሽ አድርጊ» ብለውኛል።

ሐሙስ

የመስኖውን ውኃ ከሚያከፋፍሉት የውኃ አባት፣ ከሸህ ይመር ጋር፣ በባጃጅ ወደ አራተኛው ጉድጓድ ሄድን። ቀትር ነው፣ ድንጋዩ ይፋጃል። ከአሸዋው ብቅ ያለውን የቧንቧ ጫፍ ስነካው ግን እጄን በረደኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይተነፍሳል። ይስባል፣ ይቆያል፣ መልሶ ያወጣል።

ሸህ ይመርም ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ሲደፈን እዚሁ ነበርኩ» አሉ። «ያኔም እንዲህ ይል ነበር። ንፋስ ነው ተባብለን ሄድን።»

ወደ ቆቦ ተመለስን።

ለእትዬ ከድጃ ጉድጓዳቸው መጉደሉን ነገርኳቸው።

«ሰኞ ሙሉ ነው አላልሽኝም?»

ተሳስቼ ነው አልኳቸው።

«ዛሬስ አለመሳሳትሽን በምን አወቅሽ?»

ገመድ አውርደን ለካን አልኩ። ያልጨረስኩትን ምሳ ከፊቴ አነሱት።

ዓርብ

ሴቲንጉ እንደበራ ተራውን አወጣሁ። የእትዬ ከድጃ ሞተር ቆመ።

ለጁምዓ ሶላት ሌሎቹም እንደወትሮው ቆሙ፤ እዚህ አገር አዛን ሲል ሶላት እስኪያልቅ ሞተር የሚያስነሳ የለም። ከመስጊድ መልስ ሸህ ይመር ከራሳቸው ተራ ከፍለው ከመስጊዱ ጉድጓድ ለሽንኩርቱ ውኃ ሰጡ። ሌሎቹ ባለተራዎች አጉረመረሙ እንጂ እምቢ ያለ የለም። ቦዩን ልንከፍት ስንል እትዬ ከድጃ ዶማውን እኔ እጅ ላይ አኖሩት።

ቅዳሜ

የእትዬ ከድጃ ጉድጓድ መሙላት ጀምሯል። በሚቀጥለው ተራ ሞተራቸው ይነሳል። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው፤ «በገመድ ካልሆነ አላምንሽም» ብለው ራሳቸው መጡ። ለካን። ልክ ነው። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሽንኩርቱም ቀና ብሏል።

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። የዋርካውም የመስጊዱም ሞተር ቆሟል፤ ሴንሰሮቹና የእኔ ኮምፒውተር ብቻ በሶላር ይሠራሉ።

አራተኛው እየቀነሰ ነው። በዝግታ፣ ሞተር ሲስበው እንደሚቀንስ ጉድጓድ። እዚያ ሞተር የለም። እዚያ ማንም የለም።

የቀትሩ አዛን ሲል መቀነሱን አቆመ። ሰው ሰግዶ የሚጨርስበትን ያህል ቆየ። ከዚያ ቀጠለ።

የሌላ ጉድጓድ ቁጥር እንዳይሆን ሴቲንጉን ደግሜ አየሁት። በርቷል።