ከደሎ ጉድጓድ የመጡ ድንጋዮች

ይድረስ ለእናቴ ለእመት እኅተማርያም፣ መንዝ።

እንደምን ከረሙ? እኛ ከዘመቻው ወዲህ በሰፈርንባት ጎባ ብርዱ ቢጸናብንም፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባው፣ አለን።

ወንድሜ ኃይለየሱስ ከጥንት ሰዎች የማዕድን ጉድጓድ የየዓይነቱን ድንጋይ ለቅሞ ለአገረ ገዢው እንዲያመጣ ታዞ ወደ ደሎ ቆላ ወርዷል። ሲነሣ፣ «አንተ ስለ ድንጋዩ ጻፍ፤ መሸከሙን ለእኔ ተወው» ብሎ ቀለደብኝ።

ድንጋዮቹን ትናንት መንገድ መሪው አደም በበቅሎ አመጣቸው። እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። አረንጓዴ አለ፤ እንደ መስተዋት የሚያበራም አለ። ከጥልቁ ጉድጓድ የወጣው ግን የታሰረው በኃይለየሱስ ማተብ ነው፤ እርስዎ ለክርስትናው የፈተሉለት ሰማያዊው። አስተሳሰሩ የእሱ እጅ አይደለም። ክር አልቆባቸው ይሆናል።

አደምን «እሱስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዝናቡ አፈሩን አላልቶታል፤ ኋላ ይመጣል፣ ጌታው» አለኝና ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዙሮ ጭነቱን ማራገፉን ቀጠለ። በቅሎዋ ላይ የቀረ ጭነት አልነበረም።

እናቴ፣ አዲስ ማተብ ፈትለው በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። አንገቱ ባዶውን እንዳይሰነብት።

ጉልበትዎን ስለ ሁለታችንም ስሜያለሁ።

ልጅዎ ደጀኔ