ከንድፌ ላይ ያጠፋኋት ክፍል

መጋቢት 5፣ ሰኞ
የጋራ ቢሮው ሕንፃ የሦስተኛ ፎቅ ንድፍ አለቀ። ለሶፍትዌር ቡድኖች ሰፊው አዳራሽ፣ ለብቻቸው ለሚሠሩት በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ጨለም ያለች የቀትር መኝታ ክፍል። እዚህ ቬትናም፣ ዳናንግ ከተማ ውስጥ ምሳ በልቶ ጋደም የማይል ማን አለ?

መጋቢት 8፣ ሐሙስ
የሕንፃው ባለቤት ጋሽ ኻይ ንድፉን አየ። ሁለት ዓመት ሲንጋፖር ኖሮ ከተመለሰ ወዲህ ያገሩን ልማድ ሁሉ ይጠየፋል።
«ይሄ ምንድነው? ሆስፒታል ነው እንዴ?»
«መኝታ ናት ጋሼ። ቡድኖቹ ቀትር ላይ...»
«የውጭ ባለሀብት ሲመጣ የሚያንኮራፋ ሰው ላሳየው? የመስታወት መሰብሰቢያ አድርጊልኝ!»
ራሱ እኮ በየቀኑ ቢሮው ሶፋ ላይ ነው የሚዘረጋው! እና እኔ ምን አልኩ? «እሺ»። በገዛ እጄ አጠፋኋት።

ሚያዝያ 20፣ ሐሙስ
ፎቁ ከተከፈተ ሳምንቱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ መብራቱን አጠፉ። ሰው ካርቶን አንጥፎ ጠረጴዛ ስር ተኛ። የመስታወቱ ክፍል ባዶውን... ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ማን ይግባበት?
ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ተንተርሳለች። ሉየን ትባላለች፣ ፕሮግራመር፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር።
«አንቺ ነሽ አሉ የነደፍሽው?»
«አዎ...»
«እስቲ ንገሪኝ እህቴ፣ አንቺ አትተኚም?»
ደሜ ፈላ። በእሱ ነው? በራሴ ነው!

ሚያዝያ 21፣ አርብ
ሆን ብዬ ቀትር ላይ ጋሽ ኻይ ቢሮ ሄድኩ። በዚህ ሰዓት በር ማንኳኳት ነውር ነው። በቡጢ ደበደብኩት። የሶፋው ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሞበት ብቅ አለ።
«ጤና የለሽም? ሰው በዚህ ሰዓት ይቀሰቀሳል?»
«አይቀሰቀስም ጋሼ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ደረጃዎ ላይ ትረገጣለች።»
ጉንጩን እያሻሸ ቆመ። ከዚያ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።

ሚያዝያ 27፣ ሐሙስ
ሉየን ፎቶ ላከች። መስታወቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ውስጡ ፍራሽ። «ጋሽ ኻይ ያመጡት ሐሳብ ነው» ተብሎ ተለጥፎበታል። የሱ ሐሳብ! አይን አውጣ!
ማታ ራሱ ደወለ። «አራተኛውን ፎቅም አንቺው ንደፊው። መኝታ ግን ለሕንፃው አንድ ይበቃል።»
«አራተኛ ፎቅ ያሉትስ አይተኙም?»
«የማዝሽን ሥሪ!»
«ያለ መኝታ አልነድፍም።»
ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የመጪው ስድስት ወር ሥራ ሄደ... ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም። ግን ይዝጋ! ይቺኛዋን አላጠፋሁም።