ያልጨበጥኩት እጅ

እሁድ፥ ጥር 24

ዛሬ ቆርቤ ገብቼ ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ አያ ደሴ በሬ ላይ ቆሟል። ከቀሐ ሰፈር ድረስ በእግሩ መጥቶ ነው። እጁን ሲዘረጋልኝ ወደ ኋላ አልኩ።

«ቆርቤያለሁ እኮ፤ ዛሬ አልጨብጥም።»

«እንግዲያ ነገ ልምጣ?»

«ነገማ ነነዌ ይገባል።»

«ምነው፥ እናንተ ቆራቢዎች እጃችሁን መቼ ነው የምትሰጡት?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በነነዌ ጾም መጨባበጥ እንዳልተከለከለ ሁለታችንም እናውቃለን።

የልጆቼ አባት ካረፈ ሰባት ዓመቱ። ደሴም ሚስቱን ቀብሯል። ሰማንያ ተፈራርመን አብረን እንኑር ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳንቆርብ ካንተ ጋር አላድርም ብየዋለሁ።

«በዚህ ዕድሜያችን ማን ያየናል ብለሽ ነው?» አለኝ ዛሬም።

ሰው መች ፈራሁና! ጠዋት የተቀበልኩትን ሥጋና ደም ነው እንጂ።

ግን ሸጋ ሰው ነው። ክረምት ላይ የጣራዬን ቆርቆሮ ሲመታልኝ መሰላሉን ይዤ እጁን ነበር የማየው። ዛሬም ያንኑ እጅ አየሁት። ባዶውን ወደ ኪሱ መለሰው።

ሲሄድ፥ «ቁርባን መመለሻ የለውም፤ እስቲ ላስብበት። ሐሙስ መልሴን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ በጾሙ ደግሞ ጋብቻ የለም። ሐሙስ እሺ ካለኝ እጁን እይዛለሁ። እምቢ ቢለኝም እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ምክንያት አመጣለሁ?