ማንም ሳይቀሰቅሰው

ጥር 1፣ ሐሙስ

ዝናብ። የአማኑ የጀበል አል-ሁሴን ሰፈር ዳገት ጎርፍ ሆኖ ዋለ። ከሥራ በሰርቪስ ታክሲ ስመለስ እስከ ካልሲዬ ረጥቤያለሁ። ቤት ስገባ መብራት የለም። ሻይ ልጥድ ስል መጣ። ጥጉ ላይ ያለው ሰርቨር ጢጥ! አለና ተነሳ። ሰርቨር እንበለው እንጂ ኮምፒውተር የሚያውቀው ጓደኛችን ሬድዋን ከሚማርበት ጃምዓ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሲጣል ያነሳው አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

ተነሳ ስል... ማሽኑ ነው የተነሳው። ለቤት ሠራተኞች የከፈትነውን የኢንተርኔት ገጽ የሚያሠራው ፕሮግራም ግን ሬድዋን ከጁበይሃ ሰፈር ሆኖ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ ካላስነሳው አይነሳም። ፓስወርዱን ስጠኝ ስለው "ታበላሺዋለሽ" ይላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ደዋይዋ እኔ ነኝ። ዛሬም ደወልኩ። "እሺ ነጁ፣ ክላስ ልጨርስና።" ገጹ የተከፈተው ማታ ነው።

ዘበኛ አደረገኝ እኮ!

ጥር 2፣ ዓርብ

እፀገነት ጻፈች። ኻልዳ ሰፈር፣ አሠሪዎቿ ቤት ነው የምታድረው። ስልኳን የሚሰጧት ዓርብ ብቻ፣ ቤተሰቡ ማዳም እናት ጋ ለምሳ ሲሄድ። ሲመለሱ ማዳም ስልኩን ትፈትሸዋለች። ገጻችንን የምግብ አሠራር ያደረግነውም ለዚህ ነው። መቅሉባ፣ መንሰፍ፣ ሙሉኺያ፣ ሁሉም በአማርኛ። ማዳሞቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፣ ሠራተኛዬ ሙያ እየተማረች ነው ብለው። ከምግቡ ሥር "ጥያቄ አለሽ?" የሚል ሳጥን አለ። እዚያ የተጻፈው የእኔና የሸምሲያ ስልክ ላይ ይመጣል። መልሳችን ደግሞ እሷ ገጹን ስትዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ከመቅሉባው ሥር የጻፈችው ይሄ ነው። "ኮንትራቴ አልቋል። አገሬ ላኩኝ ብል እምቢ አሉ። ጥር 18 እሁድ ጠቅልለው ኩዌት ሊሄዱ ነው፣ እኔንም ይዘው። ፓስፖርቴ ባባ ጋ ነው። አልሄድም!"

ሸምሲያ ከሁላችንም በፊት አማን የመጣች ናት፣ ጠበቃ ታውቃለች። የቤቱን አድራሻና የባባን፣ የአሠሪዋን፣ ሙሉ ስም ጠየቀቻት። ያለዚያ ጠበቃዋም ምንም ማድረግ አትችልም። እፀገነት አድራሻውን አታውቅም። ከግቢው ለብቻዋ ወጥታ አታውቅማ! "ከመብራት ሂሳቡ ወረቀት ላይ ገልብጬ ዓርብ እልካለሁ" አለች።

ጥር 9፣ ዓርብ



ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ጢጥ ብሎ ተነሳ፣ አረንጓዴው መብራትም በራ። ፕሮግራሙስ? ተኝቷል። ሬድዋንስ? ኢርቢድ ከተማ፣ የጓደኛው ሰርግ ላይ። ስልኩ ዝግ። ደወልኩ፣ ደወልኩ... ገጹን በስልኬ ስከፍት ነጭ። ምንም የለም። በዚያ ሰዓት እፀገነትም የምታየው ይሄንኑ ነው። የገለበጠችውን አድራሻ ይዛ፣ በሩን በሩን እያየች... ምን ትላለች? ጥለውኛል ነው የምትለው። ሌላ ምን ልትል?

አሁን እነማዳም ከምሳ ተመልሰዋል። ስልኩም ተወስዷል። ከበረራው በፊት የቀረን አንድ ዓርብ ብቻ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ሬድዋን መጣ። የሰርግ ከረሜላ ይዞልኝ! ገና በሩ ላይ ጀመርኩት።

"ወላሂ ነጁ፣ ባትሪ ጨርሼ ነው።"

"አንተ ባትሪ ጨረስክ፣ እሷን ኩዌት ይዘዋት ሊሄዱ ነው!"

አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሲያስረዳኝ፣ ለካ ማሽኑ ውስጥ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አለ። ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሞቹን በተራ የሚያስነሳ፣ ሲሠሩ የሚጠብቅ፣ የወደቀውን መልሶ የሚያነሳ። የኛንም አስነሳ ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

"መቼ ነው ይሄ የመጣው?"

"ከመጀመሪያውም ነበረ።"

"ነበረ?!"

"ላደርገው ነበር እኮ... ትምህርቱ በዝቶብኝ..."

ነበረ! ይሄን ሁሉ ጊዜ መብራት ስጠብቅ፣ ስደውል፣ ስለማመጥ፣ ነበረ። ኩሽና ገባሁ፣ አለዚያ ሻዩን እላዩ ላይ ነበር የምደፋው።

ማሽኑ ላይ ጻፈ ጻፈና "ኻላስ፣ አለቀ" አለ። ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማሽኑም ራውተሩም ድርግም አሉ።

"ኧረ! እንዲህ አይነቀልም፣ ይበላሻል!"

"መብራት ሲጠፋ አንተን አስፈቅዶ ነው?"

መልሼ ሰካሁት። ጢጥ። ጠበቅን። ገጹ... ነጭ።

ፊቱ ተለዋወጠ። ገብቶ ሲያይ ፕሮግራሙ ተነስቶ ነበር። ግን ራውተሩ ቀርፋፋ ነው፣ ገና ኢንተርኔት አላገኘም። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ሲያጣ ወደቀ። ተቆጣጣሪው አነሳው፣ ወደቀ። ደግሞ አነሳው፣ ወደቀ። ከዚያ ተቆጣጣሪው ተወው!

"ቶሎ ቶሎ ከወደቀ ይተወዋል፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው" ይለኛል። ባልነቅለው ኖሮስ? በመጨረሻው ዓርብ ነበር የምናውቀው። ሰው ያጠፋው ሳያንስ ማሽኑም ይሰለቻል?

ጥር 11፣ እሁድ

ዛሬ ያለ ከረሜላ መጣ። ሁለት ነገር አዘዘው። ኢንተርኔቱ እስኪመጣ ጠብቅ። ቢወድቅ ትንሽ አረፍ እያልክ አንሳው፣ አትተወው።

"አትተወው የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፈው" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ገጹ መጣ። ደግሜ ነቀልኩ። እሱ ቢስሚላህ እያለ ዓይኑን ጨፈነ። መጣ። ፕሮግራሙን ራሱን አጥፋው አልኩት፣ አጠፋው። ተመልሶ ተነሳ። ሊሄድ ሲል ፓስወርዱን ጽፎ ሰጠኝ። አልጠየቅኩትም።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ነፋሱ መስኮቱን ሊነቅለው ነው። ነገ ዓርብ። ማሽኑስ ይነሳ... እሷ ተስፋ ቆርጣ ከሆነስ?

ጥር 16፣ ዓርብ

የሰው ቤት መስኮት ስወለውል ጎረቤቴ ደወለች፤ ሰፈሩ መብራት ሄዶ አሁን መጣ። እጄ ወደ ሬድዋን ቁጥር ሄደ። ተውኩት። እልህ ያዘኝ። ካልተነሳ እዚሁ ይታወቅ!

ገጹን ከፈትኩ። መቅሉባው ቁጭ ብሏል።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። "ባለፈው ዓርብ ዘጋችሁብኝ። ዛሬ ልሞክርና ይቅርብኝ ብዬ ነው።" ከሥሩ አድራሻው። ከሥሩ የባባ ስም እስከ አያቱ።

ዘጋችሁብኝ... እውነቷን ነው። ሸምሲያ ግን ወዲያው ጻፈችላት። "አለን። ነገ ትወጫለሽ።"

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጠበቃዋ ባባን ጠዋት ደውላ አናገረችው። ኮንትራቷ ያለቀ ሴት ያለ ፈቃዷ ድንበር ብታሻግር ፍርድ ቤት እንገናኛለን አለችው። ከሰዓት ማዳም ራሷ እፀገነትን ከነፓስፖርቷ ጠበቃዋ ቢሮ ድረስ አመጣቻት። ጩኸቷ! "እንደ ልጄ ነበር የማያት! እንደ ልጄ!"

ሸምሲያ በአረብኛዋ ቀስ ብላ፣ "ልጅሽንም ስልክ በሳምንት አንዴ ነው የምትሰጫት?" አለቻት። ማዳም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እፀገነት አገሯ እስክትገባ እኔ ጋ ናት። እንዲህ የከሳች አልመሰለችኝም ነበር። እራት ስትበላ እንኳ ቆማ ነው የጀመረችው። ተቀመጪ ብላት እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ እውነቴን መሆኑን ልታረጋግጥ።

ጥር 18፣ እሁድ

ኩዌት ሊወስዷት የነበረው ቀን። ማለዳ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ጢጥ አለ።

እፀገነት ከፍራሹ ዘላ ተነሳች። ዓይኗን እንኳ በቅጡ አልገለጠችም። ቀሚሷን እየጎተተች፣ "ሓዲር ማዳም! ሓዲር! መጣሁ!"

ለካ ማዳም በደወል ነበር የምትጠራት።

ተናደድኩ። እዚህ ማንን ልስደብ?

"አንቺን አይደለም" አልኳት። "ማሽኑ ነው። መብራት መጥቶ እየተነሳ ነው።"

"ልርዳሽ? ምኑን ልጫን?"

"ምንም። ራሱ ይነሳል። አንቺ ተኚ።"

ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ ጋደም አለች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ቆይቶ ከበሩ ላይ ተነሳ። ተጨፈነ።

ገጹን በስልኬ አየሁት፣ ተከፍቷል። አሁን ረፋድ ሆኗል። እፀገነት እንደተኛች ናት። አልቀሰቅሳትም።