ሰው ያልተቀመጠበት በርጩማ

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ኃይለየሱስ፤ አሥመራ

ጤናዎ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ ሥራስ በረታብዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናዝሬትም እንደ ልማዷ ነፋስና አቧራ ናት።

እኔ ታፔላ መጻፉን ለጊዜው ትቼ ለአውራጃችን ትንሽ ሙዚየም ዓርማ ስሥል ሰነበትኩ። ኮሚቴው ኮከብና መዶሻ አምሮት ነበር። «ይኼማ ቀበሌው በር ላይም አለ» ብዬ ተሟገትኩና፣ ልጃችን ገብረኪዳን ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት የጠረባትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሣልኩ። ግራኝ አይደል? የቢላው ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ እሱንም አልተውኩም።

ወደዱት። ግን «ባዶ በርጩማ ምን ይላል? አንድ ሽማግሌ ይቀመጥበት» አሉኝ። ሽማግሌውን ሣልኩት፤ አምሮልኝም ነበር። የገብረኪዳን እናት አሰፋሽ አየችውና፣ «ባለቤቱ ሳይመጣ ማንን ነው የምታስቀምጥበት?» ብላ ከምሳዋ ተነሣች። አጠፋሁት። ለኮሚቴው ቀለም አለቀብኝ አልኳቸው፤ ዓርማው ባዶውን ተሰቀለ።

ፖስታ ቤት በየቀኑ ጎራ እላለሁ። ሠራተኛው አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

አሰፋሽ እጅ ትነሣለች። ለእትዬ ሙሉብርሃንና ለልጆቹ ሰላምታችን ይድረስልን፤ አምላክ በደህና ያገናኘን። ጋሼ፣ እርስዎ ሆስፒታል ከሚተኙት ልጆች መካከል ማንኪያ በግራው የሚይዝ ቢያጋጥምዎ፣ በርጩማው ላይ ማንም እንዳልተቀመጠ ይንገሩልን።

ናፋቂ ወንድምዎ
አብተው